ትንሿን ፎር ዊል ለፒስታና ለጭቃ ማዘጋጀት፦ ከምርመራ እስከ መጀመሪያው ጉዞ

ሱዙኪ ጂምኒያቸውን ከፍ ካስደረጉ ሰዎች የምሰማው ስሞታ አንድ ዓይነት ነው። መሪው ይመታል። ጎማው ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትስባለች። ጭቃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የፎር ዊሉ መብራት በርቶ የፊት ጎማ አይዞርም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ሞላ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ትልቅ ጎማ ይገባል፣ መኪናዋ ስትታመም ምርመራ ይጀመራል። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር። ሞላ በቀየርኩ በሁለተኛው ሳምንት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። ዳሽቦርዱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍጥነቴን ቀስ ብዬ ቀንሼ ዳር ያዝኩ። ሞላውን የገጠመልኝ ጋራዥ "የመሪ ዳምፐር ግዛ" አለኝ፤ የመሪውን ንቅናቄ የሚያለዝብ አሞርዛተር ነው። ገዛሁ። ሦስት ቀን ጸጥ ብሎ ተመለሰ። በሽታው ሌላ ቦታ ነበር፤ 1ኛው ደረጃ ላይ አሳያችኋለሁ።

መመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2018 ለተመረተችው ሱዙኪ ጂምኒ የተጻፈ ነው። የአሮጌዋ ቪታራ ባለቤቶችም አብዛኛውን መከተል ትችላላችሁ። የሚለየው ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ልክ አብጁ። ጂምኒ አንድ ቶን ያህል የምትመዝን ቀላል መኪና ናት። ጉልበቷ ቀላልነቷ ነው። ሞተሯ 1.3 ሊትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ላይ ስትወጡ 3,000 ያልፋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ አገር ሰዎች በፎቶ የሚያሳዩትን ግዙፍ ጎማ እዚህ ብትገጥሙ የሽሮ ሜዳን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስቱ ትከርማላችሁ። ግባችን መጠነኛ ነው፦ 50 ሚሊሜትር ከፍታ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጎማ፣ አስተማማኝ መጎተቻ።

የማይመለስ ነገር አትቁረጡ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። እጃችሁ ላይ ያለችውን የምትተካ ሌላ በቀላሉ አትገኝም። በቡሎን የሚታሰር ነገር ካለ ከብየዳ አስቀድሙት። የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በያጅ እንዳይነካው፤ ቁጥሩ ከተበላሸ ስም ማዛወርም ቦሎ ማደስም ራስ ምታት ይሆናል። የመኪናዋ ፋይል ያለበትን ቢሮና የመድን ድርጅታችሁን ምን ልትቀይሩ እንዳሰባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሥራው ካለቀ በኋላ መጠየቅ ጥቅም የለውም።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች፦ ጠንካራ ክሪክ፣ አራት የብረት ድጋፍ፣ የጎማ መደገፊያ ድንጋይ ወይም እንጨት፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ሜትር፣ የግንበኛ ቱንቢ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። የቱንቢው ጉዳይ እንግዳ ቢመስላችሁም አትተዉት።

ሱማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) ስትገዙ

አሮጌውን ዕቃ ፈታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። "የጂምኒ ስጠኝ" ብቻ ካላችሁ የሌላ ሞዴል ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ኩሽኔታ የምትገዙ ከሆነ በመኪናው ስም አትጠይቁ። ኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ ጨርቅ ላይ ትንሽ ቤንዚን አድርጋችሁ ጥረጉትና ቁጥሩን አንብቡ። በቁጥሩ ጠይቁ። ያገለገለ አሞርዛተር ከሆነ እዚያው ቆማችሁ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ተጭናችሁ ልቀቁት፣ ከዚያም ሳቡት። ትግሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። መሃል ላይ ድንገት ባዶ ከሆነ ወይም ዘንጉ ዘይት ካረጠበው ተዉት። ያገለገለ የፍሬን ቱቦ፣ ያገለገለ ጎማና ያገለገለ የመጎተቻ ገመድ ግን በጭራሽ አትግዙ።

1ኛ ደረጃ፦ ምርመራ

ይህን ደረጃ ሳትጨርሱ አንድም ማሻሻያ አትግዙ። የሚያግዛችሁ አንድ ሰው ያዙ።

1. መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን ፊትና ኋላ በድንጋይ ደግፉ። ፊቷን በክሪክ አንሡና በብረት ድጋፍ ላይ አሳርፏት። በክሪክ ብቻ ከተያዘች መኪና ሥር እጃችሁንም ቢሆን አታስገቡ።

2. የፊት ጎማውን አንድ እጃችሁን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርጋችሁ ያዙ። ከላይ ግፉ፣ ከታች ሳቡ። ከዚያ ገልብጡት። ዓይናችሁን ጨፍኑ ብል ደስ ይለኛል፤ የሚፈለገው ነገር ከመታየቱ በፊት በመዳፍ ይሰማል። አጭር "ቀጭ" የሚል ንቅናቄ ነው።

3. ንቅናቄ ካለ ረዳታችሁ የእግር ፍሬን አጥብቆ ይያዝ። እንደገና ነቅንቁ። ንቅናቄው ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ካልጠፋ የኪንግ ፒን፣ ማለትም ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ምሶሶ፣ ኩሽኔታ አልቋል። የኔ በሽታ ይኸው ነበር። ስንፈታው ግራሶው ዝገት በልቶት ቀይ ጭቃ መስሏል፤ የኩሽኔታው መቀመጫ ላይ በጣት ጥፍር የሚዳሰሱ ጉድጓዶች ነበሩበት።

4. አሁን ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። እዚህ የሚመጣ ንቅናቄ የመሪ ቴስቲናዎች (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያዎች) ነው።

5. ጎማው የሚታጠፍበትን ክብ ብረት ከጀርባ በኩል ተመልከቱ። ወፍራም ግራሶ ትንሽ ቢወጣ ችግር የለውም። ቀጭን ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የውስጡ ጎሚኒ ተቀዷል፤ የዲፈረንሻል ዘይት ግራሶውን እያጠበው ነው። ጎሚኒውን ከኪንግ ፒን ኩሽኔታው ጋር አንድ ላይ ቀይሩ። ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ አትክፈሉ።

6. መኪናዋን አውርዱ። ሞተሩ በርቶ ረዳታችሁ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያድርግ። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያገናኘውን ዘንግ እዩ። ፓናርድ ይባላል። ጫፎቹ ላይ ያለው የጎማ ቡሽ ከተላላ ወይም የቡሎኑ ቀዳዳ ከሰፋ እዚያው ሲጫወት ታዩታላችሁ።

7. ፎር ዊሉን ፈትኑ። ልል አፈር ወይም ጭቃ ላይ ውጡ፣ ፎር ዊል አስገቡ፣ መብራቱ መብረቅረቁን አቁሞ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ተንቀሳቀሱ። ረዳታችሁ ከጎን፣ ራቅ ብሎ የፊት ጎማዎቹን ያይ። የኋላዎቹ እየተንሸራተቱ የፊቶቹ ዝም ካሉ ሀቦቹ (የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያቆላልፉት) አልያዙም። በዚህች ጂምኒ ሀቦቹ የሚያዙት በአየር መሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ጎማው አጠገብ ያለችው ቀጭን የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ታገኟታላችሁ። ርካሽ ናት፤ ቀይሯት። ቱቦው ደህና ሆኖ ካልያዘ በእጅ የሚቆለፍ ሀብ መግጠም ዘላቂው መፍትሔ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎር ዊል አስገብታችሁ አስፋልት ላይ አትንዱ። ይህች መኪና መሃል ላይ ዲፈረንሻል የላትም። ስትታጠፉ የፊትና የኋላው ፍጥነት ይለያያል፣ ጫናው ሁሉ ማርሹ ላይ ይወድቃል።

መሪ የሚመታባት መኪና ካለቻችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጎማ ማስባለንስ፣ ቴስቲና፣ የፓናርድ ቡሽ፣ ኪንግ ፒን። የመሪ ዳምፐር በሽታውን ይደብቃል እንጂ አያድንም።

2ኛ ደረጃ፦ ዘይትና መተንፈሻ

የሞተር፣ የካምቢዮ፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያካፍለውን የትራንስፈርና የሁለቱን ዲፈረንሻል ዘይት ቀይሩ። ዲፈረንሻል ላይ አንድ ሕግ አለ፦ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። መውጫውን ፈታችሁ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው ዝጎ እንቢ ካለ መኪናዋ እዚያው ቆመች ማለት ነው።

ቀጥሎ መተንፈሻ ቱቦዎቹን አስረዝሙ። ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም ርካሹ ይህ ነው፤ ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ስትነዱ ዲፈረንሻሉ ይሞቃል። የሞቀ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ከውጭ ይስባል። መተንፈሻው ውኃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ዘይት የሚችል፣ ከአሮጌው ጋር ልኩ አንድ የሆነ የጎማ ቱቦ ገዝታችሁ ጫፉን እስከ ሞተሩ ክፍል ላይኛው ጥግ አውጡት። ከማርሚታው አርቁት። ጫፉ ላይ ትንሽ የነዳጅ ማጣሪያ ስኩበት። ቱቦው የትም ቦታ እንዳይታጠፍ፣ አክስሉ ሲወርድ እንዳይወጠር ትርፍ ተዉለት።

3ኛ ደረጃ፦ መጎተቻ

መውጫ ሳይኖራችሁ አትግቡ።

ከፋብሪካ የመጣችው የቀለበት ብረት መኪናዋ በመርከብ ስትጫን ለማሰሪያ የታሰበች ናት። ጭቃ ውስጥ የተቀበረች መኪና ሲጎተት የሚመጣውን ጫና እንድትችል አትጠብቁ። ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ እውነተኛ መጎተቻ ግጠሙ። በቀጥታ ሻንሲው ላይ፣ ቢያንስ በሁለት ቡሎን ይታሰር። ቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ቁጥር የሌለው ቡሎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፓራውልት ላይ የተበየደ ቀለበት ጌጥ ነው።

ሻክል (ገመዱን ከመጎተቻው ጋር የሚያገናኝ በፒን የሚዘጋ የብረት ቀለበት) ስትገዙ ላዩ ላይ የመሸከም አቅሙ የተጻፈበትን ውሰዱ። ለዚህች መኪና 3.25 ቶን የሚለው ይበቃል። ገመዱ የናይሎን ይሁን፤ ናይሎን ስለሚለጠጥ ድንጋጤውን ይውጣል። ከኮንስትራክሽን የተረፈ የብረት ካቦ አትጠቀሙ። ተወጥሮ ከተበጠሰ የሚገርፈው ሰው ነው። የሚለጠጥም ቢሆን ስትጎትቱ መሃሉ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ከባድ ጨርቅ ጣሉበት፤ ሰውም ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። የተሳቢ መጎተቻ ኳስ ላይ ገመድ በጭራሽ አታጥልቁ።

አካፋ ያዙ። አጭር እጀታ ያላት ትበቃለች።

4ኛ ደረጃ፦ ጎማ

መኪናዋን ከፍ የሚያደርገው ሞላው ነው። የዲፈረንሻሏን ሆድ ከድንጋይ የሚያርቀው ግን ጎማው ብቻ ነው። አክስሉ ከጎማው ጋር ስለሚሄድ ሞላ ስንትም ቢረዝም እዚያው ይቀራል።

በዚች ጂምኒ ላይ ዘወትር የምታገኙት 205/70R15 ነው፤ ቁመቱ 668 ሚሊሜትር ያህል። 215/75R15 ብትገጥሙ 703 ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 35 ነው፤ ግማሹ ብቻ ከታች ስለሚቆጠር አክስሉ 17 ወይም 18 ሚሊሜትር ይነሳል። ትንሽ ይመስላል። ድንጋይ ላይ ግን የአንድ ጣት ውፍረት ማለፍና መቀርቀርን ይለያል። ከዚህ የሚበልጥ ጎማ ለ1.3 ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ አልመክርም። ፍጥነት ቆጣሪያችሁ አሁን 5 በመቶ ያህል ያሳንሳል፤ 80 ሲል 84 ላይ ናችሁ።

አዲስ ነው የተባላችሁን ጎማ ዕድሜውን ራሳችሁ አንብቡ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አኃዙ ከአንድ ጎን ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ካጣችሁት ገልብጡት። ከአምስት ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ የቆየ ጎማ ቢያብረቀርቅም አትውሰዱ።

ጥርሱስ? ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ከካዛንቺስ ሜክሲኮ የምትመላለሱ ከሆነ ለሁሉም መንገድ የሚሆነውን ኦል ቴሬን ግዙ። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ላይ ደግሞ አያያዙ ይቀንሳል። የጭቃ ጎማ ዋጋው የሚታየው በክረምት መረሬ ላይ ነው። ጥቁሩ አፈር በኦል ቴሬን ጥርስ መሃል እንደ ሊጥ ይሞላል፤ ከዚያ ጎማው ለስላሳ ኳስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መረሬ ላይ የሚውል ሰው ካልሆናችሁ ግን እኔ ብሆን ኦል ቴሬን ገዝቼ መረሬውን እስኪደርቅ እጠብቀዋለሁ።

አምስት ጎማ ግዙ። ስኮርት ጎማው ሌላ ቁጥር ከሆነ ፎር ዊል ስታስገቡ ማርሹን ይጎዳል። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ፤ 50 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አጥብቁ።

5ኛ ደረጃ፦ ከፍታ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቀስ እንበል።

*የሚገዛው።* 50 ሚሊሜትር የሚረዝም ሞላ አራት፣ ረዘም ያለ አሞርዛተር አራት፣ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ፓናርድ፣ የካስተር (የኪንግ ፒኑ ወደ ኋላ የማዘንበል ማዕዘን) ማስተካከያ ቡሽ። ሞላውን ብቻ ገዝታችሁ አሞርዛተሩን አሮጌውን ብትተዉ ምን እንደሚሆን አስቡት። መኪናዋ 50 ሚሊሜትር ስትነሳ አሮጌው አሞርዛተር 50 ሚሊሜትር ተስቦ ይቆማል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ለመውረድ የነበረው መንገድ በዚያው ልክ ያጥራል። ፒስታ ላይ በየጉድጓዱ "ጓ" የሚለው ድምፅ አሞርዛተሩ ጫፉ ላይ ሲመታ ነው። ጥቂት ወር ቆይቶ ይበጠሳል።

ሙሉ ሞላ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ስፔሰር (ሞላው ሥር ወይም ላይ የሚገባ ከፍ ማድረጊያ) ያወጡላችኋል። ይህ የተለመደ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ግን 30 ሚሊሜትር ላይ ቁሙ። ከጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከአልሙኒየም ይሁን፤ የሞላውን መቀመጫ ቅርጽ ይከተል፣ በሞላው ክብ ውስጥ የሚገባ ከንፈር ይኑረው። ከቧንቧ የተቆረጠ ቀለበት ወይም ሁለት ስፔሰር አንዱ በአንዱ ላይ አትቀበሉ።

*ቪታራ ላላችሁ።* የፊቷ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ከፍ ስትል ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ይበልጥ ያዘነብላሉ፣ የፊት ዲፈረንሻሉ ቤትም አልሙኒየም ነው። 40 ሚሊሜትር ጣሪያችሁ ይሁን።

*አሠራሩ።*

ሀ. መኪናዋ ቆማ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ለኩና ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ ቱንቢውን ከፓራፋንጎው ጠርዝ አንጠልጥሉና ከጎማው ጎን ምን ያህል እንደሚርቅ በግራም በቀኝም ለኩ። ይህንንም ጻፉ።

ለ. ከኋላ ጀምሩ፤ ቀለል ይላል። ሻንሲውን በሁለት ድጋፍ ያዙ፣ ክሪኩን አክስሉ መሃል ላይ አድርጉ። የፊት ጎማዎችን ደግፉ።

ሐ. የአሞርዛተሮቹን የታች ቡሎን፣ የፓናርዱን አንድ ጫፍ፣ የፍሬን ቱቦውን ማቀፊያ፣ ካለ የኤቢኤስ ሽቦውን ማቀፊያ ፍቱ። የዛገ ቡሎን ላይ ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ብትረጩ ጭንቅላቱ አይበላሽም።

መ. ክሪኩን ቀስ በቀስ አውርዱ። ዓይናችሁ የፍሬን ቱቦው ላይ ይሁን። አክስሉ በበቂ ሲወርድ ሞላው በእጅ ይወጣል። ካልወጣ በዲጂኖ አትታገሉት። የያዘው ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ቱቦ ወይ ያልተፈታ ቡሎን። ፈልጉት።

ሠ. አዲሱን ሞላ አስገቡ። የሞላው የታች ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለው ማረፊያ ጋር በትክክል መግጠም አለበት። በጣታችሁ ዳስሱት። ሁለት ሴንቲሜትር ቢያልፍ እንኳ መኪናዋ አንድ ጎኗ ከፍ ትላለች፣ ሞላውም ይጮኻል።

ረ. አሞርዛተሩንና ፓናርዱን በልል እሰሩ። ጎማዎቹን ግጠሙ፣ መኪናዋን መሬት ላይ አውርዷት፣ ፓራውልቱን ተጭናችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አወዛውዟት። አሁን ብቻ የጎማ ቡሽ ያለባቸውን ቡሎኖች አጥብቁ። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁ መኪናዋ ስትቀመጥ ቡሹ ተጠማዞ ይቀራል፤ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ይህን ለመካኒኩ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ሲያጠብቅም አጠገቡ ቁሙ።

ሰ. የፊቱን በተመሳሳይ መንገድ ሥሩ።

*ከገጠማችሁ በኋላ የግድ የሚታዩ።*

ቱንቢውን መልሳችሁ አንጠልጥሉ። ፓናርድ በአግድም ያለ ዘንግ ስለሆነ መኪናዋ ስትነሳ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ግራና ቀኙ ከበፊቱ ጋር እስኪመሳሰል ፓናርዱን አስረዝሙ ወይም አሳጥሩ።

የፍሬን ቱቦውን ፊቷ ተነሥታ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው፣ መሪው እስከ መጨረሻ ግራ ከዚያም ቀኝ ተጠምዝዞ እዩት። የትም ላይ መወጠር የለበትም። ከተወጠረ መኪናዋ ከጋራዡ አትውጣ። ቱቦ ከተቀየረ አየሩ ከአራቱም ጎማ ይውጣ።

አንዳንዶቹ ላይ ከኋላ አክስል ጋር በትንሽ ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ማመጣጠኛ አለ። መኪናዋ ከኋላ ከፍ ስትል "ባዶ ነኝ" ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። የያዘበትን ብረት በተነሣችሁት ልክ አስተካክሉ።

አላይመንት ስትወስዷት "ካስተሩን አንብብልኝ" በሉ። ቶ (የፊት ጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ብቻ አስተካክለው እንዳይሸኟችሁ። ካስተር ከቀነሰ መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ አይመለስም፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቅበዘበዛለች። ማስተካከያ ቡሹ ለዚህ ነው። በመጨረሻ የፊት መብራቶቹን ዝቅ አስደርጉ፤ አሁን የሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚገቡት።

6ኛ ደረጃ፦ የሆድ ጋሻ

ለትራንስፈሩ 4 ሚሊሜትር ላሜራ ይበቃል። በቡሎን ይታሰር። የዘይት መውጫዎቹ ፊት ለፊት ቀዳዳ ይተው፣ ጭቃና ውኃ የሚወጣበትም ቀዳዳ ይኑር። ከማርሚታው ቢያንስ ሦስት ጣት ይራቅ። የኋላ አሞርዛተር የታች ማሰሪያዎች ዝቅ ብለው ስለሚወጡ ድንጋይ ይይዛቸዋል፤ በያጁ ፊታቸው ላይ ተዳፋት ያለው ትንሽ ብረት ቢያደርግላቸው ይንሸራተታሉ። የጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ ግን ተዉት። ጠባብና ከፍ ያለች መኪና ላይ ክብደት ከላይ መጨመር መገልበጥን መጥራት ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ሙከራ

የመጀመሪያው ሙከራ ግቢ ውስጥ ነው። አንዱን የፊት ጎማ ወፍራም እንጨት ላይ አውጡ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ። 215ቱ ጎማ ብዙ ጊዜ የሚነካው የፓራውልቱን ጥግና የጭቃ መከላከያውን ነው። ፕላስቲኩን በትንሽ በትንሹ ቁረጡ። ብረት ከነካ መሪውን የሚገታውን ቡሎን በትንሹ አውጡት።

ሁለተኛው ሙከራ አስፋልት ነው። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ከፒያሳ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ እንጦጦ ማርያም ውጡ። ስትወጡ የሙቀት መለኪያውን እዩ። ላይ ስትደርሱ ውረዱና የጎማዎቹን መሃል በእጅ ጀርባ አቅርባችሁ ሙቀታቸውን አመሳስሉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ተነክሷል ወይም ኩሽኔታው ከመጠን በላይ ጠብቋል። ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትምጡ።

ሦስተኛው ፒስታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በኩል ያሉት የገጠር መንገዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃሉ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት መኪና ሁኑ። ማሳ ላይ አትውጡ። የማታውቁት መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ገበሬ "አባቴ፣ በዚህ በኩል ያስኬዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። ትናንት ዝናብ የት እንደወረደ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ጎማ ከማስተንፈሳችሁ በፊት መልሶ የሚነፋ ኮምፕሬሰር መያዛችሁን አረጋግጡ። ለድንጋያማ ፒስታ 18 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ)፣ ለጭቃ 15። ከ12 በታች አትውረዱ፤ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። ጎማችሁ ሲለሰልስ ፍጥነታችሁም ይቀንስ። አስፋልት ሳትረግጡ መልሳችሁ ንፉት።

ከተቀረቀራችሁ

ጎማው አንዴ ባዶውን ከዞረ እግራችሁን ከነዳጅ አንሡ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጉድጓዱን ያጠልቃል። ውረዱና ተመልከቱ። ሆዷ መሬት ላይ ካረፈ ከሥሯ ቆፍሩ፤ ጎማው ፊት ብቻ መቆፈር አይረዳም። ንፋስ ቀንሱ። ፎር ሎ (ዝቅተኛውን የፎር ዊል ማርሽ) አስገብታችሁ በሁለተኛ ማርሽ በገባችሁበት መንገድ ወደ ኋላ ለመውጣት ሞክሩ፤ የገባችሁበት ቢያንስ ተረግጧል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልወጣች ገመዱን አውጡ። በሌላኛው መኪና በለሰስታ ጀምሩ፤ ሮጦ መንጨት የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ወንዝ ከሆነ በእግራችሁ ተሻግራችሁ ለኩ። ከጎማው መሃል የሚያልፍ ውኃ ውስጥ አትግቡ። ከጉልበታችሁ በታች ሆኖም እግራችሁን የሚገፋ ከሆነ ተመለሱ። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ በፍጹም አታስነሡት። መጀመሪያ ጎትታችሁ አውጧት፣ የአየር ማጣሪያውን ክፈቱ። ማጣሪያው እርጥብ ከሆነ ካንዴላዎቹ ሳይወጡ ቁልፍ አይዞርም።

8ኛ ደረጃ፦ ስትመለሱ

በዚያው ቀን እጠቧት። የቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ላይ የደረቀ መረሬ ባላንሱን ስለሚያዛባ መሪው ይመታል፤ ብዙ ሰው ይህን ኪንግ ፒን ነው ብሎ ይደነግጣል። የፍሬን ሸራዎቹን መሃል በውኃ አስለቅቁ። በማግሥቱ ቁልፍ ይዛችሁ በሆዷ ሥር አንዴ ዙሩ፤ የፓናርዱን፣ የአሞርዛተሮቹንና የመጎተቻውን ቡሎኖች አንድ በአንድ ንኩ።

ወንዝ ከተሻገራችሁ ደግሞ መኪናዋ አንድ ሌሊት ከቆመች በኋላ የዲፈረንሻሎቹን የመሙያ ቡሎን ፍቱና ትንሹን ጣታችሁን አስገብታችሁ ዘይቱን አውጥታችሁ እዩ። ማር የመሰለ ቡናማ ከሆነ ዝጉት። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ አፍስሱት፤ ከመሙላታችሁ በፊትም የመተንፈሻው ቱቦ የት ላይ እንደተላቀቀ ፈልጉ።